«ሊኑክስ» የሚለው ስም ወዴት ያመለክታል? ከርነል ኮምፓይል ለሚያደርጉ ተማሪዎች ስለ ሶርስ ፎልደርና ስለ ሲምሊንክ የቀረበ አጭር ትምህርት

ሰው አንድን ነገር ዘወትር በስሙ ጠርቶ ሲያገኘው ስሙና ነገሩ አንድ ይመስሉታል። አንድ ቀን ያው ስም ሌላ ነገር ይዞ ሲመጣ ግን፥ ስም ሰው የሰጠው ምልክት እንጂ ነገሩ ራሱ አለመሆኑን ያስተውላል። ይህን ጉዳይ ብዙዎቻችን በፍልስፍና ትምህርት ተምረነዋል፤ ተከራክረንበታልም። ነገር ግን እኛ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢዎች ትምህርቱ በሚገባ የገባን በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ፊት ሁለት ሌሊት ካደርን በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በማኅበራችን ክፍል ውስጥ በስጦታ የተገኘ፥ በሊኑክስ የሚሠራ አንድ ላፕቶፕ አለ። አንዲት ጓደኛችን የመመረቂያ ጽሑፏን የምትጽፈው በእርሱ ነበር፤ ለአማካሪዋም የምትልከው ሰኞ ጧት ነበር። እኛ ዓርብ ማታ «አዲስ ከርነል ብናስገባለት ይሻለዋል» ብለን ተነሣን። አዲሱን ከርነል ኮምፓይል አደረግን፤ አሮጌውን «ቦታ ይይዛል» ብለን አጠፋን፤ ኮምፒዩተሩን አጥፍተን ስናስነሣው ተነሣ። ሽቦ አልባው ኔትወርክ ግን አብሮ አልተነሣም። የኔትወርኩ ካርድ ሞጁል ከከርነሉ ተለይቶ ለብቻው የሚዘጋጅ ስለ ሆነ እርሱንም እንደ ገና ኮምፓይል አደረግነው። ሥራው ያለ አንዳች ስሕተት ተፈጸመ። ልንጭነው ስንል ግን ከርነሉ «የሞጁሉ ቅርጽ ትክክል አይደለም» ብሎ መለሰው። እንደ ገና ሠራነው፤ እንደ ገና መለሰው። ቅዳሜም እሑድም በዚሁ አለፉ። ሰኞ ጧት ጓደኛችን ጽሑፏን በፍላሽ ይዛ የሰው ኮምፒዩተር ስትለምን ዋለች።

ያሳፈረን የጠፋው እንቅልፍ አይደለም። ያሳፈረን፥ ከአንድ ወረቀት ላይ ትእዛዝ እየገለበጥን ስንጽፍ እያንዳንዱ ትእዛዝ ምን እንደሚሠራ አንዳችን እንኳ አለመጠየቃችን ነው። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበውም ሌሎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በዚያው ጉድጓድ እንዳይወድቁ ነው። ይህ መጽሔት በፊደላችን ብቻ ስለሚዘጋጅ የትእዛዞቹንና የፎልደሮቹን ስም እንደ ድምፃቸው ጽፈናቸዋል፤ በተርሚናሉ ላይ ሲጻፉ በላቲን ፊደል መሆናቸውን አንባቢ ያውቃል። ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ስለ ከርነልና ስለ ሶርሱ

ከርነል ማለት የኦፐሬቲንግ ሲስተም አስኳል ነው። ማናቸውም ፕሮግራም ዲስኩን፥ ሜሞሪውን፥ ኔትወርኩን የሚያገኘው በእርሱ በኩል ነው። ሊኑክስ የተባለውን ከርነል በ1991 ዓ.ም. መጻፍ የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን፥ ዕድሜው በዚያን ጊዜ 21 ዓመት ነበር። ሰው አንብቦ የሚረዳው የከርነሉ ጽሑፍ ሶርስ ይባላል፤ አብዛኛው በሲ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ይህን ጽሑፍ ኮምፒዩተሩ ወደሚፈጽመው ቋንቋ መለወጥ ኮምፓይል ማድረግ ይባላል።

ሶርሱ የሚመጣው በአንድ ፋይል ታሽጎ ነው። እሽጉ ሲፈታ የራሱን ቍጥር በስሙ የያዘ ፎልደር ይወጣል፤ ለምሳሌ «ሊኑክስ-6.1.90» ወይም «ሊኑክስ-6.6.30»። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ወይም ሦስት ሶርሶች ሳይደባለቁ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። ችግሩ ግን ሶርሱን የሚፈልግ ሌላ ፕሮግራም የትኛውን ቍጥር እንደምንጠቀም አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ በጥንቱ ልማድ «/ዩኤስአር/ኤስአርሲ» በተባለው ቦታ ውስጥ ቍጥር የሌለው «ሊኑክስ» የሚባል ስም ይደረግና፥ ይህ ስም ከፎልደሮቹ ወደ አንዱ እንዲያመለክት ይደረጋል። ይህ አመልካች ስም ነው ሲምሊንክ የሚባለው።

2. ሲምሊንክ ምንድር ነው?

በዩኒክስና በሊኑክስ ለአንድ ፋይል ሁለተኛ ስም የሚሰጥባቸው ሁለት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ሃርድ ሊንክ ነው። ይህ አንድ ሰው የዓለም ስምና የክርስትና ስም እንዳለው ማለት ነው። በየትኛውም ስም ብንጠራው የሚመጣው ያው ሰው ነው፤ አንዱን ስም ሰዎች ቢተዉት ሰውዬው አይሞትም። በፋይልም እንዲሁ ነው፤ የመጨረሻው ስም እስኪጠፋ ድረስ ፋይሉ ይኖራል። ነገር ግን ሃርድ ሊንክ ከአንዱ ፋይል ሲስተም ወደ ሌላው መሻገር አይችልም፤ በሊኑክስም ለፎልደር አይሰጥም።

ሁለተኛው ሲምሊንክ ነው። ይህ በአንድ ቤት በር ላይ «የምትፈልጉት ሰው ያለው እገሌ ቤት ነውና ወደዚያ ሂዱ» ተብሎ እንደ ተለጠፈ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ሰውዬው አይደለም። በውስጡ ያለው የመንገድ ጽሑፍ ብቻ ነው። ሰውዬው ቤት ቢለቅ ወረቀቱ አያውቅም፤ እንደ ተለጠፈ ይኖራል፤ መንገደኛውን ወደ ባዶ ቤት ይልካል። ሲምሊንክ በ1983 ዓ.ም. በወጣው 4.2 ቢኤስዲ በተባለው ዩኒክስ የታወቀ ሲሆን፥ የፋይል ሲስተም ድንበር አያግደውም፤ ወደ ፎልደርም ያመለክታል። ለከርነል ሶርስ ፎልደር የተመረጠውም ስለዚሁ ነው።

በውስጡ ጽሑፍ ብቻ መኖሩን ለመረዳት «ኤልኤስ -ኤል» ብሎ መመልከት ይበቃል። በመስመሩ መጀመሪያ «ኤል» የምትባለው ፊደል ትታያለች፤ በመጨረሻውም ከስሙ ቀጥሎ ቀስትና መድረሻው ይጻፋል። የፋይሉ መጠን በተጻፈበት ቦታ ግን ትንሽ ቍጥር ይገኛል። ሊንኩ «ሊኑክስ-6.6.30» ወደሚለው ስም የሚያመለክት ከሆነ ቍጥሩ 12 ነው። ይኸውም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ስሙ 12 ምልክቶች ስላሉት ነው። ያ ሁሉ በብዙ ሺህ ፋይል የተከፋፈለ ሶርስ በሊንኩ ውስጥ የለም፤ ያለው 12 ምልክት ብቻ ነው።

3. «ለዲኑ» የተጻፈ ደብዳቤ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አንድ ተማሪ በፖስታው ላይ «ለፋኩልቲው ዲን» ብሎ ቢጽፍ፥ ደብዳቤው የሚደርሰው በዚያ ቀን በወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ሰው ነው። ለአዲስ ጉዳይ ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ጉዳዩ ከሦስት ዓመት በፊት ዲን የነበረው ሰው በቃል የሰጠውን ተስፋ የሚመለከት ቢሆን፥ አዲሱ ዲን «እኔ የማውቀው ነገር የለም» ብሎ ይመልሰዋል። ፖስታውም ማኅተሙም ትክክል ነው፤ የተሳሳተው የሰውየው ማንነት ነው።

«/ዩኤስአር/ኤስአርሲ/ሊኑክስ» የሹመት ስም ነው። የሚነግረን አንድ ሰው በአንድ ቀን የመረጠውን ሶርስ ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለውን ከርነል አይነግረንም። ሞጁል ደግሞ ጉዳዩ ከአንድ ከታወቀ ከርነል ጋር ነው። ሲዘጋጅ የዚያን ከርነል ቍጥርና አንዳንድ የአሠራር ምርጫዎቹን በውስጡ ይጽፋል፤ ይህ ጽሑፍ «ቨርማጂክ» ይባላል። ሊጫን ሲመጣ ከርነሉ ይህን ጽሑፍ ከራሱ ጋር ያስተያያል፤ ካልተስማማ ይመልሰዋል። የእኛ ሞጁል የተሠራው በሊንኩ በኩል በተገኘው በ6.1.90 ሶርስ ነበር፤ በሥራ ላይ የነበረው ከርነል ግን 6.6.30 ነበር። ኮምፓይሉ ያለ ስሕተት የተፈጸመው ለተሳሳተው ከርነል በትክክል ስለ ተሠራ ነው።

እንግዲህ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ «ሊኑክስ» ስንል ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ማለታችን ሊሆን ይችላል። አንደኛው በሥራ ላይ ያለው ከርነል ነው፤ «ዩኔም -አር» ብለን ስንጠይቅ ቍጥሩን ይነግረናል። ሁለተኛው ሊንኩ የሚያመለክተው ሶርስ ነው። ሦስተኛው የሲ ቋንቋ ላይብረሪ በተዘጋጀ ጊዜ ያገለገሉት የከርነል ሄደሮች ናቸው፤ እነርሱም «/ዩኤስአር/ኢንክሉድ/ሊኑክስ» በተባለው ቦታ ይገኛሉ። ሦስቱ አንድ ቍጥር ሊኖራቸው ይችላል፤ እንዲኖራቸው ግን ግዴታ የለም። የብዙው ችግር ምንጭ ሦስቱን እንደ አንድ መቍጠር ነው።

4. ከታሪክ የተገኘ ትምህርት

ይህ ስሕተት የእኛ የጀማሪዎቹ ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ ዓመታት በብዙ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ላይ «/ዩኤስአር/ኢንክሉድ/ሊኑክስ» ራሱ ሲምሊንክ ነበር፤ የሚያመለክተውም በ«/ዩኤስአር/ኤስአርሲ/ሊኑክስ» በኩል ወደ ሶርሱ ውስጥ ነበር። ይህ ማለት አንድ ሰው አዲስ ከርነል ለመሞከር ብሎ አንዱን ሊንክ ሲለውጥ፥ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ የሚዘጋጀው የሲ ፕሮግራም ሁሉ የሚያነባቸው ሄደሮች ሳይታወቅ ይለወጡ ነበር። ላይብረሪው ግን የተዘጋጀው በአሮጌዎቹ ሄደሮች ስለ ሆነ ሁለቱ አይስማሙም።

ቶርቫልድስ ይህን ልማድ በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ለከርነሉ ሠራተኞች በጻፈው መልእክት አጥብቆ ተቃወመ። አሳቡም፥ በ«/ዩኤስአር/ኢንክሉድ» ያሉት ሄደሮች ላይብረሪው የተዘጋጀባቸው መሆን አለባቸው፤ አዲስ ከርነል ኮምፓይል የሚያደርግ ሰው ደግሞ ሥራውን በ«/ዩኤስአር/ኤስአርሲ» ሳይሆን በራሱ ፎልደር ይሥራ የሚል ነበር። ከከርነሉ ሶርስ ጋር የሚመጣው መግለጫም «/ዩኤስአር/ኤስአርሲ/ሊኑክስ» በተባለው ቦታ ላይ እንዳንሠራ ይመክራል። ይህ ምክር ሌላም ጥቅም አለው፤ በራስ ፎልደር ለመሥራት የአስተዳዳሪ ሥልጣን አያስፈልግም። ሥልጣኑ የሚያስፈልገው ከርነሉንና ሞጁሎቹን በቦታቸው ለማስቀመጥ ብቻ ነው። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ሄደሮቹን ለላይብረሪ ሥራ ለይቶ የሚያወጣ «ሄደርስ ኢንስቶል» የተባለ ትእዛዝ በከርነሉ ውስጥ ገባ።

ሁለተኛ ምሳሌ እንጨምር። በሶርሱ ውስጥም «ኢንክሉድ/ኤኤስኤም» የተባለ ሲምሊንክ ነበረ። ከርነሉ ለልዩ ልዩ ዐይነት ፕሮሰሰር ስለሚዘጋጅ፥ ኮምፓይሉ ሲጀመር ይህ ሊንክ ወደ ተመረጠው ፕሮሰሰር ሄደሮች እንዲያመለክት ይደረግ ነበር። አንድ ሰው ለአንዱ ፕሮሰሰር ሠርቶ ሳያጸዳ ለሌላው ቢጀምር ሊንኩ በአሮጌው ላይ ይቀርበታል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ እነዚህ ሄደሮች እያንዳንዳቸው ወደየፕሮሰሰራቸው ፎልደር ስለ ተዛወሩ ሊንኩ አላስፈላጊ ሆኖ ቀረ። ጠቢብ ሠራተኛ አንዳንድ ጊዜ አመልካችን በማስተካከል ፈንታ አመልካች የማያስፈልግበትን ሥርዓት ይሠራል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የሹመት ስም ሁሉ መጥፎ ነው አንልም። ጄንቱ በተባለው የሊኑክስ ዐይነት «/ዩኤስአር/ኤስአርሲ/ሊኑክስ» ዛሬም በሥራ ላይ ነው። «ኢሰሌክት ከርነል ሊስት» ሲባል ያሉት ሶርሶች በተራ ቍጥር ይዘረዘራሉ፤ የተመረጠው በኮከብ ምልክት ይታያል። በዚያ ሥርዓት ሊንኩ የሚለው «ወደ ፊት የምሠራው በዚህ ነው» ነው። ምርጫው በግልጽ ስለሚታወቅ ጥቅሙ ብዙ ነው። ግን እዚያም ቢሆን ሊንኩን መለወጥ በሥራ ላይ ያለውን ከርነል አይለውጠውም።

5. ለሞጁል የሚበጀው ሊንክ

ለሞጁል ሥራ በስም የታወቀ ሌላ ሊንክ አለ። ከርነል ኮምፓይል አድርገን «ሜክ ሞጁልስ ኢንስቶል» ስንል «/ሊብ/ሞጁልስ/6.6.30» የሚባል ፎልደር ይሠራል፤ በውስጡም «ቢልድ» የሚባል ሲምሊንክ ይቀመጣል። ይህ ሊንክ የሚያመለክተው ያ 6.6.30 የተባለው ከርነል ወደ ተሠራበት ፎልደር ነው። በቀድሞዎቹ ከርነሎች ደግሞ «ሶርስ» የሚባል ሌላ ሊንክ ወደ ሶርሱ ያመለክት ነበር። ዝግጁ ከርነል ከሚያቀርቡት እንደ ዴብያን ካሉት ስንወስድም የሄደር ጥቅሉ ሲገባ «ቢልድ» ወደ እርሱ ያመለክታል።

ልዩነቱን አንባቢ ልብ ይበልልን። የመጀመሪያው ሊንክ «ለዲኑ» ይላል፤ ሁለተኛው «በእገሌ ዓመት ዲን ለነበረው ለእገሌ» ይላል። ስለዚህ ከከርነሉ ውጭ የሚዘጋጅ ሞጁል ሲሠራ ትእዛዙ «ሜክ -ሲ» ተብሎ ይጀመርና «/ሊብ/ሞጁልስ/» ከተባለው ቀጥሎ የ«ዩኔም -አር» መልስ፥ ከዚያም «ቢልድ» ይጻፋል፤ «ኤም=» ከሚለው ቀጥሎ ደግሞ የሞጁሉ ፎልደር ይሰጣል። በዚህ ዐይነት ሞጁሉ የሚሠራው ሁልጊዜ በሥራ ላይ ላለው ከርነል ይሆናል።

ነገር ግን «ቢልድ»ም ሲምሊንክ ነው፤ የበር ወረቀት ነው። ከርነሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የተሠራበትን ፎልደር ብናጠፋው ወይም ቦታውን ብንለውጠው ከርነሉ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ሊንኩ ግን ወደ ባዶ ያመለክታል። ይህ የሚታወቀው ከወራት በኋላ አንድ ሞጁል ለመሥራት ስንሞክር ነው።

6. አራት ወጥመዶች

1ኛ. ሲምሊንክ የሚሠራው «ኤልኤን -ኤስ» በተባለው ትእዛዝ ነው፤ መጀመሪያ መድረሻው፥ ቀጥሎ አዲሱ ስም ይጻፋል። ትእዛዙ መድረሻው መኖሩንና አለመኖሩን አይመረምርም። የሌለ ቤት አድራሻ ብንሰጠውም ዝም ብሎ ይጽፋል።

2ኛ. መድረሻው ከሥር መሠረቱ ካልተጻፈ የሚቈጠረው ሊንኩ ካለበት ቦታ ተነሥቶ ነው። «ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቤት» የሚል ወረቀት ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ቢወሰድ ሌላ ቤት እንደሚያመለክት ማለት ነው። ሊንክ ከቦታው ስናነሣ ይህን መርሳት የለብንም።

3ኛ. እኛን የጣለን ይኸኛው ነው። አሮጌውን ሊንክ ወደ አዲሱ ሶርስ ለመለወጥ «ኤልኤን -ኤስኤፍ» ብለን ጽፈን ነበር፤ ምንም የስሕተት ቃል ስላልመጣ ተለወጠ ብለን አመንን። ነገር ግን «ሊኑክስ» የሚለው ስም ወደ ፎልደር የሚያመለክት በመሆኑ ትእዛዙ ስሙን ተከትሎ ወደ 6.1.90 ፎልደር ገባና አዲሱን ሊንክ በዚያ ውስጥ ሠራው። የቀድሞው ሊንክ እንደ ነበረ ቀረ። «ኤን» የምትባለውን ፊደል ጨምረን «ኤልኤን -ኤስኤፍኤን» ብለን ቢሆን ኖሮ ሊንኩ ራሱ ይለወጥ ነበር። በአንዲት ፊደል ሁለት ሌሊት ሄደ።

4ኛ. ሊንኩን በስሙ ብቻ «አርኤም» ብንለው የሚጠፋው ወረቀቱ ነው፤ ሶርሱ አይነካም። ነገር ግን ከሊንኩ ስም ቀጥሎ እዝባርና ኮከብ ጨምረን ብናዝዝ፥ ኮከቡ በሊንኩ በኩል አልፎ የመድረሻውን ይዘት ይጠራል፤ የሚጠፋውም ያ ይሆናል። አስተዳዳሪ ሆኖ ለሚሠራ ሰው ይህ አደገኛ ነው።

7. ከሥራ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ይህን ሁሉ ለማስታወስ ለሚቸገር ሰው አራት ጥያቄዎችን በወረቀት ጽፎ በኮምፒዩተሩ አጠገብ መለጠፍ ይበቃዋል። በሥራ ላይ ያለው ከርነል የትኛው ነው? ለዚህ «ዩኔም -አር» ይመልሳል። «/ዩኤስአር/ኤስአርሲ/ሊኑክስ» ካለ መጨረሻው የት ነው? «ሪድሊንክ -ኤፍ» ሊንክን ከሊንክ እየተከተለ የመጨረሻውን መድረሻ ይነግረናል። በሥራ ላይ ያለው ከርነል «ቢልድ» ሊንክ የት ያደርሳል? መድረሻውስ አለ ወይስ የለም? ይህንም በዚያው ትእዛዝና «ኤልኤስ» ብሎ በማየት እናገኘዋለን። የተሠራው ሞጁል የማን ነኝ ይላል? «ሞድኢንፎ» ብለን ቨርማጂኩን እናነባለን። አራቱ መልሶች ከተስማሙ ወደ ሥራ መግባት ነው። ካልተስማሙም አለመስማማታቸው በምክንያት መሆኑን ማወቅ ይገባል። ከዚህ ሌላ፥ አዲሱ ከርነል በሁሉ ነገር ተፈትኖ ሳያልፍ አሮጌውን ማጥፋት ፈጽሞ አይገባም፤ ይህን እኛ ዋጋ ከፍለንበታል።

እኛም ማክሰኞ ማታ እነዚህን ጥያቄዎች በተራ ጠየቅን። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ «6.1.90» የሚል መልስ ሲመጣ ሁላችንም ዝም አልን። ሊንኩን ሳንነካ የሞጁሉን ሥራ በ«ቢልድ» በኩል አደረግነው፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ኔትወርኩ ሠራ። ጓደኛችን ጽሑፏን ከአንድ ቀን በፊት አስረክባ ነበርና ለእርሷ የዘገየ ሆነ። ይቅርታ ጠይቀናታል፤ እርሷም «ከዚህ በኋላ ዓርብ ማታ አትንኩብኝ» ብላ ይቅር አለችን።

«የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ይህን ማወቅ ምን ያደርግለታል?» የሚሉን ይኖራሉ። የእኛ መልስ አጭር ነው። ጽሑፋችንን፥ የሰበሰብነውን ቃለ መጠይቅ፥ የተቀረጸውን ድምፅ በአደራ የምናስቀምጠው በዚህ መሣሪያ ውስጥ ነው። አደራ የተቀበለውን ነገር ጠባዩን ማወቅ የባለቤቱ ግዴታ ነው። ደግሞም የምንማረው ትምህርት አንድ ቃል ማንን እንደሚያመለክት፥ በማን ዘመን እንደ ተጻፈ መጠየቅን ያስተምረናል። ያን ጥያቄ ከመጽሐፍ ወደ ተርሚናል ይዘነው ብንሄድ ዓርብ ማታ ያዳነን ነበር።

የሳይንስና የኢንጂኔሪንግ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የጐደለ ወይም የተሳሳተ ነገር ቢያገኙ በሚቀጥለው ዕትም እንዲያርሙን በአክብሮት እንጠይቃለን። የማኅበራችን ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው፤ ላፕቶፑም አለ። መጥቶ «ሪድሊንክ -ኤፍ» ብሎ ለመሞከር የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ፤ አሮጌውን ከርነል ግን አናስነካም።